ደጃፌ ላይ የተጣመመው ቦይ

ሰው በስተርጅናው ስለ ቦይ ይጠየቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ስለ ቁርጥማት ቢጠይቁኝ፣ ስለ ጾም ቢጠይቁኝ፣ ስለ ድሮ ተማሪዎቼ ቢጠይቁኝ መልስ አላጣም። ሙሉቀን ግን ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ሲባጎ በክንዱ ላይ ጠምጥሞ በሬ ላይ ቆመና፣ የድሮው ቦይ እዚህ ሲደርስ ለምን ወደ ግራ እንደ ተጣመመ ጠየቀኝ። ሙሉቀን የሰፈራችን የልማት ማኅበር ሰብሳቢ ነው። ፊደል ያስቆጠርሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ እሱም በተራው ሒሳብ ያስተምራል። ያኔም ቢሆን አንድ ጥያቄ ከያዘ የሚለቅ ልጅ አልነበረም። እኔ ምን አውቃለሁ አልሁት። እውነቴን ነበር። ቦዩ ከተቆፈረ ጀምሮ አጠገቡ ኖሬአለሁ፣ ከተደፈነም በኋላ በላዩ ተመላልሻለሁ፣ ለምን እንደ ተጣመመ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ልጁ ከሄደ በኋላ በሩን ይዤ ብዙ ቆምሁ። እንደዚያ ቀን ግራ የገባኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ሰፈራችን ዳንግላ ውስጥ ተዳፋት ላይ ያለ ሰፈር ነው። ክረምት ሲገባ የላይ ሰፈር ጎርፍ መንገዱን ይዞ ይወርድና ያገኘው ቤት ይገባል። ባለፈው ክረምትማ የሰው አልጋ ሥር ገብቶ ጫማ ሲያንሳፍፍ አደረ። ይኼኔ የእድራችን ሰዎች ድንኳንና ወንበር ከመቁጠር ሌላ ሥራ እንዳለ ትዝ አላቸውና ማኅበሩ ተቋቋመ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሰበሰባሉ፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ሱቃቸውን ለሰው አደራ ብለው ይመጣሉ። እኔም ምርኩዜን ይዤ እሄዳለሁ፤ ለመናገር ሳይሆን ማን ምን እንዳለ ለመስማት። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ የሰፈሩ ሰው በደቦ የቆፈረው፣ በኋላ በቆሻሻና በአፈር የተደፈነው የድሮው ቦይ እንደ ነበረ ይከፈት ተባለ። የድሮው ቦይ ደግሞ ከላይ የመንገዱን ዳር ይዞ ቀጥ ብሎ ይመጣና፣ እኔ በር ላይ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ በእኔና በየሺ አጥር መካከል ገብቶ በየሺ ጓሮ አድርጎ ወደ ወንዙ ይወርድ ነበር።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሺ የጎረቤቴ የእትዬ ውቢት ልጅ ናት፤ እናቷ ካረፉ ቆይተዋል። ባል የላት፣ ጡረታ የላት፤ በተደፈነው ቦይ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ሠርታ ከገጠር ለሚመጡ ተማሪዎች እያከራየች ነው የምትኖረው። የድሮው ቦይ ይከፈት ማለት የየሺ ሁለት ክፍሎች ይፍረሱ ማለት ነው። ሙሉቀን በሲባጎው ለክቶ ለክቶ፣ ቦዩ ሳይታጠፍ በእኔ በር ፊት ቀጥ ብሎ ቢያልፍ ውሃውም በደንብ ይወርዳል፣ የማንም ቤት አይፈርስም አለ። ሽማግሌዎቹ ግን እምቢ አሉ። ያለ ምክንያት አልተጣመመም፣ ከሥሩ ቋጥኝ ይኖራል አለ አንዱ። ሌላው ምንጭ ነው አለ። ሌላው ደግሞ የዚያን ጊዜ የቀበሌ ሹም ከውቢት ጋር ጠብ ስለ ነበረው ነው ብሎ አረፈው። ሙሉቀን እስኪ በመቆፈሪያ ወጋ ወጋ አድርገን እንየው ሲል ሽማግሌዎቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። የቆየ ሥራ አይነካም ብለው ዘጉት። የሺም አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትወጣ አየኋትና ተናደድሁ። ቤቷ ሊፈርስ ነው፤ ምን አፏን ያዛት?

ያን ዕለት ከስብሰባው ስመለስ አንድ ጋሪ አጠገቤ ቆመ። ባጃጁ ገፋው እንጂ ጋሪ ዛሬም ከዳንግላ አልጠፋም። ያላበው ፈረስና የረጠበው ቆዳ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ አጥር ይዤ ቆምሁ። ያ ሽታ የቤቴ ሽታ ነበር። ባለቤቴ ልየው ባለ ጋሪ ነበር። ዳማ ፈረስ ነበረው፤ አንገቱ ላይ ቃጭል፣ ግንባሩ ላይ ቀይ የክር ዘርፍ። ልየው ራሱም ከፈረሱ አያንስም፤ ቤልቦተም ሱሪውን ለብሶ፣ አፍሮው ላይ ሚዶ ሰክቶ፣ አለንጋውን ሳይመታበት በአየር ላይ ሲያጮኸው የገበያው ሰው ዞር ብሎ ያያል። ያኔ ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ገበያው በጋሪ ስሙኒ ነበር፤ እህል ካለ ሽልንግ። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ገና መድረሴ ነው። ስሙኒዬን ስሰጠው መምህርት አይከፈላትም ብሎ መለሰልኝ። በማግሥቱም መለሰልኝ። በሦስተኛው ቀን በእግሬ ብሄድ ጋሪውን ባዶውን እየነዳ ከጎኔ ከጎኔ መጣ፤ ሰው ሁሉ ሳቀብን።

ከጋሪ ማቆሚያው ፊት ለፊት የሐጂ ይማም ሱቅ ነበር። ናፍታሌንና አዲስ አቡጀዲ ይሸታል። ቴትሮን በየቀለሙ ተጠቅልሎ ቆሟል፤ የኮንጎ ጫማ በሲባጎ ተሰክቶ ተንጠልጥሏል። ልየው ከዚያ ሱቅ ናይለን ሻሽ ገዛልኝ። ቢጫ ነበር ልላችሁ ነው፤ ቆይ፣ አረንጓዴም ሊሆን ይችላል። ሐጂ አረንጓዴውን ይወዱ ስለ ነበር እሱን ሳያስይዙት አይቀሩም። ይኸው፣ የሰርጌን ሻሽ ቀለም ያላስታወስሁ ሴት ስለ ቦይ እጠየቃለሁ። ከሱቁ ቀጥሎ ሻይ ቤት ነበረ። ቴፑ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ካሴት ያዞራል፤ ባትሪው ሲደክም የዘፋኙ ድምፅ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ይሄድና ልየው ዘፋኙ እንቅልፉ መጣ ይል ነበር። ዛሬ ሻይ ቤቱ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ዘፈኑ ግን አልተሻሻለም፤ ጩኸቱ ብቻ ነው የጨመረው።

ከዚያ ወጣት የሚጠራበት ዘመን መጣ። ማን እንደ ጠራው፣ ለምን እንደ ጠራው የሚያውቁ ይጻፉት። እኔ የማውቀው ልየው ፈረሱን ለጎረቤት አደራ ብሎ፣ ጋሪውን ግቢ ውስጥ አቁሞ፣ ከገበያው አደባባይ በመኪና መሄዱን ነው። መጀመሪያ በሰው ሰላምታ ላከ። ከዚያ ዝም አለ። ቆይቶ አብረውት ከሄዱት ሁለቱ ተመለሱ። አንደኛው ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ አለ። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ በሕይወት አግኝቼዋለሁ፣ በአንድ የሩቅ ከተማ ጋሪ ሲነዳ አይቻለሁ ብሎ ማለ። ማንን ልመን? መርዶ ነጋሪ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚመጣ፤ እና ለብዙ ጊዜ ጎሕ ሲቀድ የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ከአልጋዬ ዘልዬ በሩ ጋ እደርስ ነበር። መርዶ የሚነግረኝ ግን አልመጣም። ያልታወቀ ነገር ምኑ ይረዳል? ጎረቤቱም እንደ እኔው ግራ ገብቶት ነበር። ሴቶቹ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ግማሾቹ ጥቁር ለብሰው፣ ግማሾቹ ነጭ ለብሰው ይመጣሉ። አንዷ እንደ ለቅሶ መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ ሌላዋ ወንበር ስባ የጤፍ ዋጋ ታነሣለች። አንዷ ነፍስ ይማር ልትል ጀምራ፣ በእግዜር ፈቃድ ይመጣል ብላ ትጨርሳለች። እኔም አሜን እላለሁ፤ ለየትኛው እንደ ሆነ ሳላውቅ።

በመጨረሻ ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ጠይቄ ልፈልገው ወጣሁ። ባሕር ዳር ሄድሁ፣ ከዚያ ደብረ ማርቆስ፤ በየሆስፒታሉ በር ላይ ስሙን እየጠራሁ ቆምሁ። የሚያውቀው የለም። ወደ ቤቴ ስመለስ ሰፈሩ በደቦ ቦይ ቆፍሮ ጠበቀኝ። አፈሩ ገና ትኩስ ነበር። ጎረቤቶቼ በር ላይ ተቀብለው አቅፈው አስገቡኝ፤ እንዴት እንደ ቆፈሩት፣ በየት እንዳሳለፉት ልብ ብዬ አላየሁም። ፈረሱን በኋላ ሸጥሁት። ጋሪውን መሸጥ እጄ እምቢ አለኝ፤ እዚያው እንደ ቆመ ዝናብ በላው። ሌላ ባልም አላገባሁ፤ ማቅም አልለበስሁ። ሰው ባልሽ የት ነው ሲለኝ ሄዷል እላለሁ። እስከ ዘንድሮ ድረስ መልሴ ያው ነበር።

የሺ ቤት ግድግዳ ላይ በኖራ መስመር የተሠመረ ዕለት ግን መቀመጥ አቃተኝ። የመጣሁበትን የሕይወት ዘመን ሁሉ ባገላብጠው ያ ቦይ ሲቆፈር የሚያሳይ ትዝታ የለኝም፤ አልነበርሁምና። የነበረ ሰው መፈለግ አለብኝ። ከደቦው ቆፋሪዎች በሕይወት ያሉ፣ አንዱ ቋጥኝ ሌላው ምንጭ ከሚሉት ከሰፈራችን ሽማግሌዎች ሌላ፣ አያ ጥሩነህ ናቸው። የደቦው አለቃ እሳቸው ነበሩ፤ ጉልበታቸው ሲደክም ወደ ተወለዱበት፣ ዘንገና አካባቢ ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። በሚኒባስ እንጅባራ ሄድሁ። እንጅባራ ይበሉት እንጂ ለእኔ ዛሬም ኮሶበር ነው። ድሮ ከዳንግላ ኮሶበር በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ መሄድ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ ካፊያው ፊት እየገረፈ፣ ሴቱ ሁሉ ጋቢ ውስጥ ተደብቆ። አሁን ሾፌሩ በስልኩ እየተጨቃጨቀ፣ ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር ሃሎ ሃሎ እያለ አደረሰን። ካፊያው ብቻ ነው ያልተለወጠው። ከዚያ በባጃጅ የቀርከሃ አጥሮቹን እያየሁ ሄድሁ፤ ባጃጁ መግባት የማይችልበት ሲደርስ በእግር መንገዱ ከከብቶች ጋር እየተጋፋሁ ወረድሁ።

አያ ጥሩነህ ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ግን ለዩኝ። እንደ ልማዳቸው አንቺ እናኑ ብለው ጠሩኝ፤ ፈረሱ ዛሬም ያለ ይመስል ሰላምታውን ከነፈረሱ፣ ከነትምህርት ቤቱ ጠየቁኝ። ስለ ቦዩ ሳነሣባቸው ለልጃቸው በአውኝኛ አንድ ነገር ነገሯት፤ ልጅቱም ሥራዋን ጥላ ወደ ውጭ ወጣች።

«እስከ ዛሬ አልነገሩሽም?» አሉኝ።

«ምኑን ነው የሚነግሩኝ አያ?»

«ከላይ ጀምረን ቆፍረን ቆፍረን፣ አንቺ በር ላይ ስንደርስ ዶማው አልነሣ አለን። አንዱ ልየው ሞተ ይላል፣ ሌላው አለ ይላል። ሬሳው ያልመጣ፣ መርዶው ያልተረዳ ሰው ደጃፍ ላይ አፈር ይቆፈራል? መቃብሩን መማስ አይደለም? እኛ በዶማ ልንገድለው ነው? ደግሞ አንዱ፣ ሰውየው በጋሪው ቢመጣ በየት ይገባል አለ። አጠመምነዋ።»

ውሃ በጥምዝ እንደማይሄድ፣ ክረምት ሲመጣ እየዘለለ የእትዬ ውቢት ጓሮ እንደሚገባ አላወቃችሁም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ፈገግ ያሉ መሰለኝ።

«አወቅን እንጂ። በእኔ በኩል ውሰዱት ያለችው ራሷ ውቢት ናት።»

ከዚያ እንዴት እንደ ወጣሁ እንጃ። ከላይ ከመንገዱ ላይ የዘንገና ሐይቅ ዝም ብሎ ተኝቶ ይታያል፤ ለመዝናናት የመጡ ልጆች ፎቶ ይነሣሉ፤ አንዷ እማማ ያንሡን ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። የቱን እንደምነካ ሳላውቅ ነካካሁና መለስሁላት። ልሳቅ፣ ላልቅስ፣ ልቆጣ፣ ግራ ገባኝ። እትዬ ውቢት በየክረምቱ ቀሚሳቸውን በመቀነታቸው ወትፈው ከጓሯቸው ውሃ በባልዲ ሲቀዱ በአጥር ቀዳዳ አያቸው ነበር። እንዴት አደሩ እላቸዋለሁ፤ ተመስገን ይሉኛል። አንዴም ብስብስ ያለ ጫማቸውን አይቼ፣ እትዬ፣ ግቢዎ ምነው ይህን ያህል ውሃ ይስባል ብያቸዋለሁ። መሬቱ ነው እናኑ፣ መሬቱ ነው አሉኝ። ሰፈሩ በሙሉ እያወቀ፣ እኔ ብቻ ሳላውቅ፣ ለእኔ ተብሎ ስንት ክረምት ውሃ ተቀዳ? እንዲህ ያለው ደግነት ያስመሰግናል ወይስ ያሳፍራል? ደግሞም ተናድጃለሁ፤ ማን አደራ አላችሁ? ቦዩን በበሬ ላይ ቢቆርጡት ኖሮ እኔም ያኔውኑ ቆርጦልኝ፣ አልቅሼ ወጥቶልኝ ይሆን ነበር። ወይም አብጄ ይሆን ነበር። ይህንንም አላውቅ።

ዳንግላ ስደርስ ቤቴ ሳልገባ የሺ ቤት ገባሁ። የተማሪዎቹን ክፍል ዕቃ እያወጣች ነበር። አንዷ ተማሪ መጽሐፎቿን በጆንያ ከታ የምትሄድበትን ሳታውቅ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። የሺን ወደ ጓዳ ጠራኋት።

«ታውቂ ነበር?» አልኋት።

ምኑን ብላ አልጠየቀችኝም። «አውቅ ነበር» አለች።

«ቤትሽ እስኪፈርስ ዝም ልትዪ ነበር?»

«እማዬ ስታርፍ፣ እናኑ ራሷ ካልጠየቀች አፍሽን እንዳትከፍቺ ብላኛለች። እርስዎ ደግሞ አልጠየቁም፣ እትዬ።»

ይህን ስትለኝ ድምፅዋ ውስጥ ቂም ፈለግሁ። ቂም ባገኝ ይቀለኝ ነበር፤ አላገኘሁም።

በማግሥቱ ጠዋት ሰዉ ዶማውንና አካፋውን ይዞ መጣ። የሐጂ ይማም የልጅ ልጅ ለቆፋሪው ዳቦና ለስላሳ ይዞ መጥቷል። ወጣቶቹ ከየሺ ግድግዳ ሊጀምሩ ሲሉ ሙሉቀንን ጠራሁትና ቋጥኝም የለም፣ ምንጭም የለም፣ በእኔ በር ፊት ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡት አልሁት። ሙሉቀን ደስ ብሎት ሲባጎውን ዘረጋ። ዶማ የያዙት ግን አልተነሡም። ሽማግሌዎቹ እንደዚያ ቀን መሬት መሬት ያያሉ፤ ወጣቶቹ ሽማግሌዎቹን ያያሉ። ሙሉቀን ምን እንደ ሆነ ሳይገባው አንዴ ወደ እኔ አንዴ ወደ እነሱ ይዞራል። ያኔ ምን እንደሚጠብቁ ገባኝ። ይህን ያህል ዘመን ሲጠብቁ የኖሩት እኔን ነው።

«ልየው ሞቷል» አልሁ።

በአፌ ያን ቃል ተናግሬው አላውቅም ነበር። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። እውነት መሞቱን አውቄ አይደለም፤ ያወቅሁት አዲስ ነገር የለም፤ ዛሬም ብትጠይቁኝ ሞተ ካለው ሰውና አየሁት ካለው ሰው የትኛው እንደ ዋሸ አልነግራችሁም። ግን አልሁት። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የሺ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና መጥታ ከጎኔ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሌሎቹም ሴቶች አንድ በአንድ እየመጡ ተቀመጡ። በዚህ ጊዜ ወንበር የሳበ አልነበረም። አለቀስን። ወጣቶቹ ለማን እንደሚለቀስ ሳያውቁ አካፋቸውን ተደግፈው ቆመው ጠበቁን። ሲበቃን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሥቶ ነፍስ ይማር አለና የመጀመሪያውን ዶማ መታ። አፈሩ ለስላሳ ነበር።

እስከ ቀትር ቦዩ በሬን አልፎ ሄደ። ሙሉቀን ላቡን እየጠረገ መጣና መሻገሪያዬን ዛሬውኑ በጠንካራ እንጨት እንደሚሠሩልኝ ነገረኝ። ወርዱን ስንት እንደሚያደርጉትም ጠየቀኝ፤ በበሩ ልክ ጋሪ እንዲያስገባ ተደርጎ ይሠራ ወይስ ይጥበብ።

«ለአንድ ሰው የሚበቃ አድርገው» አልሁት።